ስለ ሩፊና ያልነገርኩሽ

ለማልጠግብሽ እህቴ ለዴልሚራ፣

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ዘንድሮ የቦነስ አይረስ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ብለው ከዚያ የመጡ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ቡናማውን ሹራብሽን ትለብሺዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ከእኔ የባሰ የበረደው አየሁ ብለሽ ሰጠሽው? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ ተሻላቸው? አብራሽ የምትኖረው ቴኦፊላ ሥራ አገኘች ወይ? ሳልጠይቅ ያለፍኩት ካለ ከመርሳት አይደለም፤ ዛሬ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎኝ ነው።

እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ስታነቢ ይህቺን አንዲት ቃል አጥብቀሽ ያዢልኝ። ሩፊና ልጅሽ በሕይወት አለች። ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ አሁን እንኳ እኔ ስጽፍ በጓሮ በኩል ዶሮዎቹን ስታባርር ድምጿ ይሰማኛል። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኩሽ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ አትችዪም፤ እኔም መጻፍ አልችልም።

ይህ አራተኛው ወረቀቴ ነው። ሦስቱን ቀድጄ ጥያለሁ። ጽሑፌ ቢያስጠላሽ ይቅር በዪኝ። ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፣ ዴልሚራ። በጁላይ የመጀመሪያው እሁድ ስልክ ቤት ስትደውዪ፣ የሩፊና ድምፅ ለምን ጎረነነ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጉንፋን ነው አልኩሽ። በኦገስት ስትደውዪ ደግሞ ልጅቷ «እማ፣ እግሬ ላይ…» ብላ ስትጀምር ስልኩን ከእጇ ነጥቄ መስመሩ ሊቋረጥ ነው አልኩሽ። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። የስልክ ቤቷ ልጅ ከመስኮቱ ኋላ ሆና ስታየኝ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ተነሣሁ።

ሥራዬ አንቺ ስትሄጂ እንደተውሽው አይደለም። ያኔ ሁለት ነበርን፣ አንቺ ስትጋግሪ እኔ አውቶቡስ ላይ እሸጣለሁ። አሁን ሁለቱም እኔ ነኝ። ባሌ ፕላሲዶ ሩቅ ቻኮ ምድር በከብት እርባታ ሥራ ላይ ነው፣ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። ሚርታዬ ዘጠኝ ዓመት ሆናት፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ናት። ሩፊና አለች። ሴልሶ ደግሞ ገና ጡት አልጣለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሣለሁ፤ የካሳቫውን ዱቄት ከአይቡ፣ ከእንቁላሉና ከሞራው ጋር አሽቼ፣ እንስላሉን በትኜበት፣ እንደ ቀለበት እየጠቀለልኩ የሙዝ ቅጠል ላይ እደረድራለሁ። ምድጃውን አነድዳለሁ፤ ሲግል ፍሙን ጠርጌ የቺፓ ዳቦውን አስገባና አፉን እደፍናለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቅርጫቴን ተሸክሜ አስፋልቱ ዳር ነኝ። እስክመለስ ልጆቹን የሚጠብቁልኝ አጥር የምንጋራቸው እማማ ካንዲዳ ናቸው።

የመጀመሪያው አውቶቡስ የጋሽ አፖሊናሪዮ ነው። ከሩቅ ሲያዩኝ መብራታቸውን ብልጭ ያደርጉልኛል። ስገባ «እመቤቲቱ ገባች፣ እንግዲህ ሞተሩም ይሞቃል» ይላሉ። ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ «ሞተሩ ነው ሾፌሩ የሚሞቀው?» ብሎ ሰዉን ያስቀዋል። እስከ ካኩፔ ከተማ ድረስ ወንበር ለወንበር እየሄድኩ እሸጣለሁ፣ በሚመለሰውም እየሸጥኩ እመለሳለሁ። እናታችን ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረች። «አንድ ቀን ብቻ ቅሪ፣ ሾፌሮቹ እዚህ ጋ ፍሬን መያዝ ይረሳሉ» ስትለን ትዝ ይልሻል? እኔ ደግሞ ይህ ቃሏ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሴልሶን በወለድኩ በዘጠነኛው ቀን አስፋልት ዳር ቆሜያለሁ። ሲያተኩሰኝም ቆሜያለሁ። ያቺ ኔሜሲያ ከብረት ነው እንዴ የተሠራችው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ደስ ማለቱን ዛሬ ሳስበው ያስፈራኛል።

የሆነው በጁን ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ ዕለት፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ነው። ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ የጨርቅ ኳስ በእሳት ለኩሰው የሚጫወቱበት ቀን ስለሆነ ከየአገሩ ሰው ይመጣል። እንደ ዓመቱ ሁሉ ሁለተኛ ዙር ልጋግር አሰብኩ። ጠዋት ሸጬ ስመለስ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ያ የሳር ክዳኑን የሚያፏጨው። ቤቱ ውስጥ ትንፋሻችን ይታያል። ሩፊና ብርድ ልብሷን ተከናንባ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች «እማ ኔሜ፣ በረደኝ፣ እቀፊኝ» ትላለች። እኔ ሴልሶን ጎኔ ላይ በጨርቅ አስሬ፣ ሁለት እጄ ሊጥ ውስጥ ነው። «ሂጂ ፀሐይ ሙቂ፣ እኔ አሁን ጊዜ የለኝም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት። ቃሉን ሳልቀይር ነው የጻፍኩልሽ።

ፀሐይ አልሞቀችም። የሚሞቅ ነገር ስትፈልግ የሚሞቅ ነገር አገኘች። ጠዋት የጋገርኩበት ምድጃ ጡቡ ገና ለብ ያለ ነበር። የእናታችንን ምድጃ ታውቂዋለሽ፣ ከሰፈራችን ምድጃዎች ሁሉ ትልቁ ነው፣ አፉ መሬት አጠገብ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጎንበስ ሳትል ትገባበታለች። ብርድ ልብሷን ይዛ ገብታ፣ ከወዲያ ጫፍ ግድግዳው ሥር ተጠቅልላ ተኛች። ከዚያ በፊትም ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረገች እግዚአብሔር ይወቀው። አንድም ቀን አላየሁም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን እንጨቱን ማስገባት ጀመርኩ። ዴልሚራ፣ ወደ ውስጥ አላየሁም። አንቺ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በየቀኑ ያደረግኩትን እጄ ያውቀዋል፣ ዓይኔን አይፈልግም። ባየውም ከዚያ የቀትር ፀሐይ ወደዚያ ጥቀርሻ ምን ይታያል። ሐሳቤ አይቡ ያንሰኝ ይሆን በሚለው ላይ ነበር። እንጨቱን መሐል ላይ ከመርኩ፣ የደረቀ የኮኮነት ልጣጭ አፉ ላይ ጎዘጎዝኩ፣ ክብሪት ጫርኩ። ልጣጩ እንዴት እንደሚነድ ታውቂያለሽ፣ ወዲያው ነው የሚንቦገቦገው።

ሳል ሰማሁ። ጭሱ ልጁን አፈነው ብዬ ፊቴን ከምድጃው መለስኩና የሴልሶን ጀርባ መታ መታ አደረግኩት። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» አልኩት። ሁለተኛ ሳል ሰማሁ። ሴልሶ ግን እየሳቀ ያየኛል። አፉን ከፍቶ፣ ሁለት ጥርሱን አውጥቶ ይስቃል። ያን ሳቁን መቼም አልረሳውም። ሳሉ የመጣው ከምድጃው ጀርባ፣ ጭስ ከሚወጣባት ቀዳዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ሕፃኑን ከጎኔ ፈትቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የሚነደውን እንጨት በእጄ መጎተት ጀመርኩ። ትኩስ መሆኑን አላወቅኩም፤ ቆዳዬ እንጨቱ ላይ ሲቀር ነው ያየሁት። አንዱን ስጎትት ሌላው ይደረመሳል። «ሩፊና! ሩፊና!» ብዬ ስጮህ ከውስጥ «እማ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሳል ብቻ፤ ከዚያ ምንም። እሳቱ በእኔና በእሷ መካከል ነው። የውሃውን ባልዲ አንሥቼ ልደፋ ስል እማማ ካንዲዳ አጥሩን ጥሰው ደረሱ። የስድሳ ሰባት ዓመት አሮጊት ናቸው፣ እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። እጄን ያዙኝ። «ውሃ አትድፊ! በእንፋሎት ትቀቅያታለሽ! ጀርባውን አፍርሺ! ጀርባውን!» ብለው ጮኹ።

የበቆሎ ሙቀጫው ዘነዘና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። አነሣሁት። የጭስ መውጫዋን ቀዳዳ ዙሪያ በሙሉ ኃይሌ ደበደብኩት። እናታችን ይህን ምድጃ በእጇ ጭቃ ረግጣ ስትሠራው እኔና አንቺ ጡብ እናቀብል ነበር፤ አሁን እየረገምኩት መታሁት። አንዱን ምት ለእሱ፣ አንዱን ለራሴ። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። አሁን ደግሞ ጡቡ ወደቀባት አልኩ። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ብርድ ልብሱን አገኘሁ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ክንዷን አገኘሁ። ጎትቼ አወጣኋት።

ጥቁር ነበረች። ፀጉሯ ከፊት በኩል ተለብልቧል። ግራ እግሯ ላይ ጨርቁ ተጣብቋል። አትተነፍስም ነበር። ይህን ልደብቅሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን አንዴ ከጀመርኩ ሁሉንም ልንገርሽ። አትተነፍስም ነበር። እማማ ካንዲዳ አፏን በጣታቸው ጠርገው፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አድርገው፣ አፋቸውን አፏ ላይ ገጥመው ነፉባት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ማርያምን ስለምን ነበር፤ ምን እንዳልኳት አላውቅም። የሴልሶ ለቅሶ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ልጅቷ አንዴ ተንፈራገጠች፣ አስመለሳት፣ አለቀሰች። ደካማ ለቅሶ ነው፣ እንደ ድመት ግልገል። ግን ለቅሶ ነው።

ሴልሶን ለእማማ ካንዲዳ ትቼ፣ እሷን አቅፌ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። የጋሽ አፖሊናሪዮ አውቶቡስ በዚያ ሰዓት ወደ አሱንሲዮን የሚመለስበት ነበር። መሐል መንገድ ላይ ቆምኩባቸው። ፍሬን ይዘው ወርደው ሊሰድቡኝ ሲሉ የተሸከምኩትን አዩ። በሩን ከፍተው አስገቡኝና «ማንም አይወርድም፣ ማንም አይሳፈርም፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው!» ብለው ጮኹ። አንድ ጎረምሳ «እኔ እኮ እዚህ ነው የምወርደው» ሲል አንዲት ሴትዮ «አፍህን ዝጋ፣ ከእግርህ ምን ይጎድላል!» አለችው። መንገዱን ሁሉ ጡሩምባ እየነፉ ሄዱ። ያቺው ሴትዮ ሻርፗን በውሃ ነክራ የሩፊናን ፊት ትጠርግልኝ ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ «እናቷ ማን ናት?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። አክስቷ ነኝ ብል ከአልጋዋ የሚያርቁኝ መሰለኝ። ይቅር በዪኝ፣ ስምሽን ወሰድኩብሽ። ሐኪሙ ሲመጣ «እንዴት ልጅ እሳት ውስጥ ትገባለች? የት ነበርሽ?» አለኝ። እዚያው ነበርኩ አልኩት። እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ አልኩት። ራሱ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ እጄንም ያኔ ነው ያየልኝ።

ስድስት ቀን አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገው አስተኟት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ደረቷ ሲንኮራኮር ትንፋሿን እየቆጠርኩ አነጋሁ፤ በሁለት ትንፋሽ መካከል ትንሽ የዘገየ እንደሆነ ነርሷን እጣራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ «ለምን በፋሻ ጠቀለሉሽ?» አለችኝ። ሁለቱም እጆቼ ተጠቅልለው ነበር። ቺፓ ሆኜ ነው አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳል ያዛት፣ እኔም ለምን አሳቅኳት ብዬ በፍርሃት ሞትኩ።

አሁን ያለባትን ልንገርሽ። ግራ ባቷ ላይ የመዳፍሽን ያህል ጠባሳ አለ፤ ድኗል፣ ግን ቆዳው ይስባታል፣ ጠዋት ጠዋት ቅባት እቀባታለሁ። ድምጿ ጎርነን እንዳለ ቀርቷል፤ ሐኪሙ ከጊዜ ጋር ይጠራል ብሏል፣ ላይጠራም ይችላል ብሏል። ፀጉሯ በቅሏል። ክብሪት ሲጫር ስትሰማ ግን ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች።

እኔም ከእሷ አልሻልም። ለፕላሲዶ በሬዲዮ መልእክት አስነግሬ መጣ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የፈረሰውን ምድጃ ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ ከዚያ አካፋ አምጥቶ የቀረውን አፈረሰና ጡቡን ከአጥር ውጭ ጣለው። አዲስ ሠራ። አፉ ከወገቤ በላይ ነው፣ ልጅ የማይደርስበት፣ ውስጡ እስከ ዳር የሚታይ፤ የብረት በርም አለው። ጭቃው እስኪደርቅ ሳምንታት ቆየን። በእነዚያ ሳምንታት ሥራ የለኝም ነበር፣ ግን አንድም ቀን አላረፍኩም። ልጆቹን ስቆጥር ነው የምውለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሚርታ ትምህርት ቤት መሆኗን እያወቅኩ ሁለት ብቻ ሲሆኑብኝ እንደገና ከአንድ እጀምር ነበር። አንድ ቀን ሩፊና ከእማማ ካንዲዳ ዘንድ ሄዳ ሳጣት የጉድጓዱን ውሃ በረጅም እንጨት ሳማስል አገኙኝ።

ደግሞ ቦታዬ ነበረ። ከታችኛው ሰፈር ፔትሮና የምትባለዋ ሻጭ እኔ ስቀር እኔ በምቆምበት መንገድ ዳር መቆም ጀመረች። ሚርታ መጥታ ስትነግረኝ ተናደድኩ፣ ግን ለመሄድ እግር አልነበረኝም። ፔትሮና ራሷ መጣች። እንቁላልና ዱባ ይዛ፣ በር ላይ ቆማ። «ቦታሽን ልቀማሽ አልመጣሁም» አለች። «ባዶ ከሆነ የሩቅ ሰው ይይዘዋል ብዬ ነው። ስትመለሺ እለቅልሻለሁ።» አላመንኳትም። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አልኳት። እሷም «እንግዲያው አትመኚኝ፣ እንቁላሉን ግን ብዪ፣ ፊትሽ የመቃብር ፊት መስሏል» ብላኝ ሄደች።

ምድጃው ደረቀና ኦገስት አንድ ላይ ልጀምር ተነሣሁ። ሊጡን አዘጋጀሁ፣ እንጨቱን ደረደርኩ፣ ክብሪቱን ያዝኩ። አልቻልኩም። ሦስት ክብሪት ጫርኩ፣ ሦስቱም እጄ ላይ ጠፉ። እዚያው ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ሳለ ሚርታ ነቃች። ሩፊናንና ሴልሶን ከነብርድ ልብሳቸው አምጥታ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው። «እማዬ፣ ይኸው ሁላችንም እዚህ ነን። እያየሽን አንድጂው» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እንጨቱን ሁሉ አውጥቼ፣ ፋኖስ አስገብቼ፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰድጄ ዳበስኩ። ከዚያ ስማቸውን ጠራሁ። «ሚርታ!» አቤት አለች። «ሩፊና!» አቤት አለች፣ በዚያ በጎርናና ድምጿ። «ሴልሶ!» ሚርታ እጁን አንሥታለት አቤት አለችለት። ያኔ አነደድኩት።

በየቀኑ እንዲሁ አደረግኩ። ይረዝማል፣ ያዘገየኛል፣ ግን ይህን ሳላደርግ አላነድድም አልኩ። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። አሁን የምነግርሽን ግን ለፕላሲዶም አልነገርኩትም። በዘጠነኛው ቀን ሴልሶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ፣ እንቅልፍ ሳይነካኝ ተነሥቼ፣ ዘግይቻለሁ ዘግይቻለሁ እያልኩ ስቻኮል ምድጃው ሲንቀለቀል አየሁት። አንድጄዋለሁ። ፋኖስ አላስገባሁም። ስም አልጠራሁም። እጄ ብቻውን ሠርቶታል፣ ዴልሚራ። ያ እጅ፣ ቆዳው ገና ያልዳነው እጅ። እየጮህኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሦስቱም አልጋቸው ላይ ነበሩ፣ ተኝተዋል። እግራቸውን እየዳበስኩ ቆጠርኩ። ስድስት እግር። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወድቄ ቀረሁ፣ የዚያን ቀን ሊጥ ሳይጋገር ቀረ።

ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ያን ቀን ፈራሁ። የመጀመሪያው ቀን አላወቅኩም ነበር፤ አሁን እያወቅኩ ነው። በየቀኑ፣ ያለ እንቅልፍ፣ በጥድፊያ ከሠራሁት አንድ ቀን ደግሞ እጄ ብቻውን ይሄዳል። እናታችን ሠላሳ ዓመት ችላዋለች፤ እሷ ግን እኛ ሁለታችን ነበርንላት።

በማግስቱ ቅርጫት ሳልይዝ አስፋልት ዳር ሄድኩ። ፔትሮና፣ ስመለስ እንደ ቃሏ ቦታዬን ለቅቃልኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብላ ትቆም ነበር። «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እኔ ልቁም፣ ሌላውን ቀን አንቺ ቁሚ» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ? ብረቷ?» አለች። «ብረቷ ደከማት» አልኳት። ሳቀችና «እሺ፣ ግን በቀንሽ ቅሪና ወየውልሽ፣ ሰዉ እኔን ነው የሚጮህብኝ» አለች። ለጋሽ አፖሊናሪዮም ነገርኳቸው። ሦስት ቀን ብቻ ነው የምመጣው፣ ግን በሦስቱ ቀን ሳላዛንፍ እመጣለሁ አልኳቸው። መሪውን ሲያሹ ቆዩና «ልጅቷ ደኅና ናት?» አሉኝ። ደኅና ናት ስላቸው «እንግዲያው በሳምንት አንዴም ብትመጪ እቆማለሁ» አሉ። በሌሎቹ ቀናት እስከ ጠዋት እተኛለሁ። ልጆቹን አቅፌ። ገቢው አንሷል፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዙር የሚባል ግን ለበዓልም ለንጉሥም አልጋግርም። አሁንም በሦስቱ ቀን ስማቸውን ጠርቼ ነው የማነድደው፣ አሁንም ክብሪቱ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የማይንቀጠቀጥ ቀን ከመጣ ምን ልሁን ብዬ እፈራለሁ።

አሁን የምፈራው አንቺን ነው። እኔ ዘንድ ስትተያት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረች፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ከመስኮቱ «ከዓይንሽ አትለያት» ብለሽኝ ነበር። ለየኋት። ውሰጃት ብትዪኝ ፕላሲዶ ራሱ ያደርስልሻል፣ እኔ አንድ ቃል አልመልስም። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን ጻፊልኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ። ዝምታሽን አልችለውም። ካንቺ ቃል እስኪመጣ ድረስ የእግረኛ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እወጣለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጋሽ አፖሊናሪዮ ወንድም ነው፤ ማክሰኞ ድንበር ይሻገራል። ይህንንም እንዳልቀድደው ብዬ ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።

ፕላሲዶ ከቻኮ እጅ ነሥቷል፤ ጥፋቱ የእኔም ነው በያት ብሏል፣ አልስማማበትም ግን እጽፍልሻለሁ። ሚርታ አክስቴን ሳሚልኝ ትላለች፤ ሒሳብ አንደኛ ወጥታለች። ሴልሶ ሳያውቅሽ ሰላም ይልሻል፣ አሁን ሦስተኛ ጥርስ አብቅሏል። እማማ ካንዲዳ በጸሎታቸው አልረሱሽም፤ በዚያ ትንፋሻቸው ልጅሽን የመለሱልሽ እሳቸው ናቸውና አንድ ነገር ብትልኪላቸው እሳቸውን ነው የማስቀድመው። ፔትሮናም ባታውቂያትም ሰላም ብላሻለች። ለቴኦፊላ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፣ አሮጊቷንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ሩፊና አሁን ከጓሮ ገብታ ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ለእማ ስላት እኔም ልጻፍ አለች። መጻፍ ስለማትችል ቀኝ እጇን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ዙሪያውን አዞርኩት። ስለኮረኮራት እየሳቀች ትንሽ አንቀሳቅሳው መስመሩ ተዛንፏል። ገልብጪው፣ ታያለሽ። አምስቱም ጣቶች አሉ። መዳፍሽን አድርጊበት።

እህትሽ ኔሜሲያ

ባሬሮ ግራንዴ፣ እሁድ፣ ኦገስት 21 ቀን 1994